አልወጣም ያሉት መጻሕፍት

ሣህሉ መጽሐፍ መስጠት እንዲህ የሚያደክም ሥራ ነው ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። የሚኖረው ከዚራ ሰፈር፣ አባቱ ባቡር ድርጅት በሚሠሩበት ዘመን በያዙት ቤት፣ ከባለቤቱ ከወርቅዬ ጋር ነው። አዲስ አበባ ያገባችው ልጃቸው ሃሌሉያ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ «የምወልደውም የምታረሰውም እማዬ ጋ ነው» ብላ ከደወለች ወዲህ ወርቅዬ አርፋ አልተቀመጠችም። ለአራስ የሚሆን ክፍል ያላቸው አንድ ብቻ ነው። እሱም ከወለል እስከ ኮርኒስ የሣህሉ መጽሐፍ ሞልቶታል።

«አንድ ወር አለህ» አለችው። «ልጄ አቧራ መሀል አትታረስም። ስድስት መቶ መጽሐፍ ምን ያደርግልሃል? ስንቱን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው የገዛኸው።»

እውነቷን ነው። ቤት ውስጥ ፈልጎ ያጣውን ሄዶ ድጋሚ ይገዛ ነበር። ስለዚህ አልተከራከረም። በጣም የሚሳሳላቸውን መቶ ያህል መኝታ ቤት ለማስገባት አስፈቀደና የቀረውን ሊሰጥ ቆረጠ።

መጀመሪያ ያሰበው ጓደኞቹን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ሰፈሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ካለች ሻይ ቤት ከሁለት ሰዎች ጋር ይቀመጣል። አንዱ አብዲራህማን ነው፤ መልካ ጀብዱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፣ ከታሪክ በስተቀር የሚያነበው የለም። ሌላዋ ፊርዶስ ናት፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ ልብ ወለድ ካልሆነ አትነካም። ሦስቱም አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ «ይሄን አንብብ፣ ያንን አንብቢ» ሲባባሉ ኖረዋል፤ በአንድ መጽሐፍ የተስማሙበት ቀን ግን የለም።

ሣህሉ ሁለት ትልልቅ ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ።

«ይኸው፣ ምረጡ። ስጦታ ነው፣ መመለስ የለም።»

ፊርዶስ አንዱን አንስታ ጀርባውን አየች። «መጨረሻው ላይ ሰው ይሞታል?»

«አንብቢውና እዪዋ! እኔ ልንገርሽ?»

«ከሞተ አልፈልግም። ቀኑን ሙሉ የማየው በሽተኛ ነው።»

«እሺ፣ አንዲት አሮጊት ትሞታለች።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አቦ ፊርዶስ!»

አብዲራህማን በበኩሉ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ገልጦ ገና መቅድሙ ላይ ስህተት አገኘ። ሰውየው የተሳሳተው የት ጋ እንደሆነ ለማስረዳት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ፈጀ። በመጨረሻ እሱ ሦስት፣ ፊርዶስ አራት ወሰዱ። ሣህሉ ደስ ሊለው ሲል አብዲራህማን ከወንበሩ ሥር ካርቶን ሳበ።

«ወላሂ እንኳን አነሳኸው። እኔም ቤት እያጸዳሁ ነበር። አሥራ አንድ ናቸው። በተለይ ይሄን ሳታነብ ብትሞት አኼራ ላይ እጠይቅሃለሁ።»

«አብዲ፣ እኔ እኮ ልሰጥ ነው የመጣሁት!»

«እኔ የአንተን ተቀብያለሁ። አንተ የእኔን ትመልሳለህ? ነውር አይደለም?»

ፊርዶስም ከቦርሳዋ ሁለት አወጣች። «እነዚህን ለአንተ ብዬ ነው ያስቀመጥኳቸው» አለች፣ ለእሱ ብላ እንዳላስቀመጠች ፊቷ ላይ እየተነበበ።

ወርቅዬ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ፌስታሉን አየች፣ ካርቶኑን አየች። «ሰባት ሰጥተህ አሥራ ሦስት ይዘህ መጣህ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። የዚያን ቀን እራት የሚያገኝ አልመሰለውም።

በማግስቱ ሰኞን መጠበቅ አቅቶት ለአንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ደወለ። ሰውየው በትሕትና አናገረው፤ ዝርዝሩን በሦስት ቅጂ፣ ከማመልከቻ ጋር ያምጡ አለው። ሣህሉ ሁለት ቀን ተጎንብሶ የአምስት መቶ ያህል መጽሐፍ ርዕስ በእጁ ጻፈ፤ ፎቶ ኮፒ አስነሳ፤ በላብ ተነክሮ ወሰደ። ኃላፊው ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ ተነሥቶ የኋላውን በር ከፈተለት። ክፍሉ እስከ መስኮቱ ድረስ የመጽሐፍ ክምር ነበር።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ማስቀመጫ የለንም» አለ። «እንዲያውም ከዚህ ውስጥ የሚሆንዎት ካለ ይውሰዱ።»

«ታዲያ ዝርዝሩን ለምን አስጻፍከኝ?»

«አሠራሩ ነው።»

ሣህሉ በንዴት ወጣ። የሚያሳፍረው ባዶ እጁን አለመውጣቱ ነው። ክምሩ ላይ ወጣት ሳለ ያስተማረበትን አትላስ አይቶ እጁ አልታዘዝ አለው። ወርቅዬ እንዳታይበት ሸሚዙ ሥር ደብቆ ገባ፤ አየችው፤ «አሥራ አራት» አለችና አለፈች።

በሁለተኛው ሳምንት ፊርዶስ ደወለች።

«የእህቴ ልጅ ሙኒያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ላይ ናት። መልካ ጀብዱ ከአምስት ሴት ልጆች ጋር ቤት ተከራይተዋል፤ አጠገባቸውም እንደነሱ የተከራዩ አሉ። ስልክ ሲያዩ ዓይናቸው ሊጠፋ ነው። ለምን ለነሱ አትሰጥም?»

ሣህሉ ባጃጅ ኮንትራት ይዞ በሦስት ምልልስ ሁሉንም አጋዘ። ሙኒያ ቀጭን፣ ሰው ፊት ለፊት የምታይ ልጅ ናት። እሱም መምህር ነውና ካርቶኑን አስቀምጦ መሄድ አልቻለም፤ ስድስቱን ሴቶች ደጃፍ ላይ አቁሞ የትኛውን አስቀድመው ማንበብ እንዳለባቸው አስረዳ። በመጨረሻ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ከፍ አደረገ።

«ይሄን መጨረሻ ላይ አንብቡት። ከዚህ በኋላ ሌላ አይጥማችሁም።»

«እሺ ጋሼ» አለች ሙኒያ።

ክፍሉ ተጠረገ፣ ቀለም ተቀባ፣ አልጋ ገባ። ሃሌሉያ ሆዷን አስቀድማ መጣችና ቤቱ እንዴት ሰፊ እንደሆነ አደነቀች። ሣህሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እሑድ ጧት በሩ ተንኳኳ። ሙኒያ ናት። ከኋላዋ ባጃጅ ቆሟል፤ ባጃጁ ውስጥ የራሱ ካርቶኖች አሉ።

«ጋሼ፣ ከጎረቤቶቻችን ጋር ተከፋፍለን ከእነዚህ የጣመንን አንብበናል። መለስን። ሌላ ስጠን።»

«ምን ማለትሽ ነው? እኔ እኮ አላዋስኳችሁም፣ ሰጠኋችሁ!»

«አውቃለሁ። ግን ስድስት ሰው በአንድ ክፍል ነው የምንኖረው፤ ይሄን ሁሉ የት እናድርገው? አብራን የምትኖረው ዋርሳን እግሯን ዘርግታ መተኛት አልቻለችም።»

ሣህሉ ራሱን ያዘ። «ሠላሳ ዓመት ሰው ያዋስኩት አንድም አልተመለሰ! የሰጠሁት ይመለሳል?»

ከውስጥ ሃሌሉያ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት «አባዬ፣ በናትህ አታስቀኝ፣ እዚሁ እወልዳለሁ» እያለች ትጮኻለች። ሙኒያ ግን አልሳቀችም። ደብተር አወጣች። ማን የትኛውን እንዳነበበ፣ ማን ምን እንዳለ ጽፋለች። አንዱ መጽሐፍ የመጨረሻ ስምንት ገጹ ተገንጥሎ ስለጠፋ ልጅቷ ታገባለች፣ አታገባም በሚል ሁለቱ ተኳርፈው ሰንብተዋል። ሣህሉ አግብታለች ብሎ ፈረደላቸው።

«ወፍራሙስ?» አለ፣ ሳይፈልግ።

«እሱን አልጨረስነውም።»

«ለምን?»

«ተራራውን ሃምሳ ገጽ ያወራል ጋሼ። ልጅቷ ታማ ተኝታለች፣ እሱ ተራራ ያያል!»

«ተራራው እኮ ተራራ አይደለም! የልቧን ክብደት ነው የሚያሳይሽ!»

«ታዲያ ስለ ልቧ አይጽፍም?»

ሣህሉ ደሙ ፈላ። በር ላይ ቆሞ ስለዚያ ተራራ ማስተማር ጀመረ። የባጃጁ ልጅ ጥሩምባ ነፋ፣ አልሰማውም። በመጨረሻ «አንቺ ትዕግሥት የለሽም፣ ችግሩ እሱ ነው» አላት።

ሙኒያ ደብተሯን ዘጋች። «ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ተጎንብሼ ስሰፋ ነው የምውለው። ማታ ስድስት፣ ሰባት ገጽ ካነበብኩ ዓይኔ ይከደናል። ሃምሳ ገጽ ለኔ አንድ ሳምንት ነው። አንድ ሳምንት ተራራ ጠበቅኩ። ከዚህ በላይ ትዕግሥት ምንድነው?»

ባስተማረበት ዓመት ሁሉ ማንም ተማሪ ያነበበውን ይዞ መጥቶ እንዲህ ደርቆ የተሟገተው የለም፤ ፈተና አልፈው ነው የሚሄዱት። ይሄ ትዝ ሲለው ንዴቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ወርቅዬ መጥረጊያ ይዛ ወጣች። ለሙኒያ «ግቢ ልጄ፣ ቁርስ ብይ» አለቻት፤ ለባሏ ደግሞ «አንድ ካርቶን ደጃፌን ካለፈ እኔ እወጣለሁ» አለችው። ሣህሉ ስልኩን አንስቶ አብዲራህማን ጋ ደወለ።

«ሱቅህ ውስጥ ያ ባዶ መደርደሪያ አሁንም አለ?»

«የፍሬን ሸራ ላስቀምጥበት ነው።»

«አታስቀምጥም። አሥራ አንድ መጽሐፍ ጭነህብኛል። ባጃጁ እየመጣልህ ነው።»

እንዲህ ሆኖ መጽሐፉ ሁሉ መልካ ጀብዱ፣ በጎማና በዘይት ጣሳ መሀል ተደረደረ። ሴቶቹ ከሥራ ሲወጡ ጎራ ብለው ያነበቡትን መልሰው ሌላ ይወስዳሉ። የሣህሉ ጭንቀት ግን መልኩን ለወጠ እንጂ አልለቀቀውም። አብዲራህማን ለመጣው ሁሉ «ቅድሚያ ታሪክ» እያለ ልብ ወለዱን ከላይኛው መደርደሪያ ሰቀለው። ሣህሉ በሳምንት ሁለት ቀን እየሄደ ያወርዳል፤ አብዲራህማን ይሰቅላል። ፊርዶስ ሰው የማይሞትባቸውን ለይታ ምልክት አደረገችባቸው፤ በዚህም ስንት መጽሐፍ መጨረሻው ቀድሞ ታወቀ። የጭነት መኪና ሾፌሮች ሳይቀሩ ቤታቸው የተረፈውን ማምጣት ጀመሩ። መደርደሪያው ሞልቶ መጽሐፍ የመኪና ባትሪ ላይ ተቀመጠ።

ሣህሉ ሙኒያን በማስረጃ ሊረታት መኝታ ቤት ካስቀረው ሁለተኛ ቅጂ ወፍራሙን መጽሐፍ እንደገና ጀመረው። የተራራው አራተኛ ገጽ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ሃያ ገጽ ዘለለ። ለማንም አልተናገረም።

ሃሌሉያ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ሁለት ሳምንት ሲሆናት ወርቅዬ ሣህሉን ዳይፐር ግዛ ብላ ላከችው፤ እሱም እግረ መንገዴን ብሎ መልካ ጀብዱ ደረሰ። እግረ መንገድ አልነበረም። ሙኒያ ሱቁ ውስጥ አገኘችው።

«ጋሼ፣ ለአንተ ያስቀመጥኩት አለ» ብላ አንድ ስስ፣ ሽፋኑ የተቀደደ መጽሐፍ ዘረጋችለት።

«ቤቴ መጽሐፍ እንዳይገባ ተከልክያለሁ።»

«እዚሁ አንብበዋ።»

«ርዕሱ ራሱ አይጥምም።»

«አሥር ገጽ ብቻ። እኔ ለአንተ ሁለት መቶ አንብቤያለሁ።»

ባዶ ሳጥን ላይ ተቀመጠና መነጽሩን አደረገ። አንዲት ሴት ከባሏ ተደብቃ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ትማራለች፤ ሌላ ነገር የለውም። ዓረፍተ ነገሩ አጭር አጭር ነው፤ ደራሲው ማን እንደሆነ እንኳ አያውቀውም። አብዲራህማን ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ «ተወው፣ እኔ አይቼዋለሁ፣ ታሪክ የለውም» ይላል። አንድ ሾፌር የዘይት ማጣሪያ ይጠይቃል። ሣህሉ አሥረኛውን ገጽ ካለፈ ቆይቷል።

«ሴትየዋ እኮ መጨረሻ ላይ...» ሲል አብዲራህማን ጀመረ።

«አብዲ፣ ዝም በል አቦ!»

ሙኒያ ፈገግ ብላ ወጣች። ያኔ ስልኩ ጮኸ፤ ወርቅዬ ናት፤ ዳይፐሩ የት እንደደረሰ ትጠይቃለች። ሣህሉ መጽሐፉን ባትሪው ላይ ገጹን አጥፎ አስቀመጠና ዳይፐሩን አንጠልጥሎ እየሮጠ ባጃጅ ያዘ። መጽሐፉ ውስጥ ሴትየዋ ገና እየነዳች ዋናው አስፋልት ላይ መውጣቷ ነበር፤ ባሏም ከፊት ለፊት እየመጣ ነው። ነገ ደግሞ በዓል ስለሆነ ሱቁ ተዘግቶ ይውላል። እስከ ከዚራ ድረስ ለሹፌሩ ሲነጫነጭ ሄደ።