ግድግዳ የሌለው ክፍል

መልእክቱ ሲመጣ እናትየው በምትሠራበት የሸራ ወርክሾፕ የጭነት መኪና ሸራ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የተቀደደ ጥግ እየጠገነች ነበር። ስልኳ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። «የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ከሰኞ ሳምንት ጀምሮ ትምህርት ቤት መጥተው ይማራሉ። የማይፈልግ ወላጅ በስልኩ ማስቀጠል ይችላል። ቅዳሜ ጠዋት ግቢ ውስጥ ስብሰባ አለ» ይላል።

የስፌት መኪናዋን አጥፍታ እንደገና አነበበችው። ብቻዋን ፈገግ አለች።

«ምነው፣ ሎተሪ ደረሰሽ እንዴ?» አለቻት አጠገቧ የምትሰፋው ሴት።

«ልጄ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው» አለች።

ልጅቷን ቤተሰቡ ሁሉ ድምቢጥ ይላታል፤ ስትወለድ ከመዳፍ የማትበልጥ ስለነበረች። አንደኛ ክፍል ከተመዘገበች ወራት አልፈዋል፤ ነገር ግን በወረርሽኙ ምክንያት የትምህርት ቤቱን በር ረግጣ አታውቅም። የምትማረው መስታወቱ በተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ነው። ስልኩ የስኳር ቆርቆሮ ተደግፎ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፤ የአባቷ እናት የሆኑት አያቷ አጠገቧ ይቀመጣሉ። መምህርቷ ጥያቄ ስትጠይቅ ብዙውን ጊዜ መልሱን የሚናገሩት አያትየው ናቸው። ድምቢጥ ስሟ ከተጠራ ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር ትገባለች። መጀመሪያ ሰሞን ይስቁባት ነበር። በኋላ ግን በመስኮት የሰፈር ልጆች ሲያልፉ ባየች ቁጥር መጋረጃ ኋላ መደበቅ ስትጀምር የእናቷን ሳቅ ስጋት ተካው።

ስለዚህ ያን ቀን ወደ ቤት የተጓዘችው እየበረረች ነው ማለት ይቻላል። ዳቦ ልትገዛ ጎራ ስትል ግን የዳቦ ቤቱ ሬዲዮ ሌላ ወሬ ያወራ ነበር፤ በሽታው እንደገና አገርሽቷል፣ የሆስፒታል አልጋዎች እየሞሉ ነው። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ማስኩን ወደ አፍንጫው ከፍ አደረገና ዳቦውን ክንዱን የቻለውን ያህል ዘርግቶ ሰጣት።

ቤት ስትደርስ ባሏ ፊቱን አጥቁሮ ተቀምጧል። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ወሬ ከማንም ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው።

«መልእክቱን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ። አትሄድም።»

«ቁጭ ብለን እንኳ ሳንነጋገር?»

«ምኑን እንነጋገራለን? ዛሬ አውቶቡሱ ውስጥ ስንቱ ሲያስል እንደዋለ ብታዪ ይህን አትጠይቂኝም ነበር። ያንን ሰውዬ ረሳሽው?»

አልረሳችውም። የባሏ የሥራ ባልደረባ ነበር፤ በአንድ መስመር ለብዙ ዓመት እየተፈራረቁ ነድተዋል። በመጀመሪያው ዙር ታሞ ሆስፒታል በገባ በሳምንቱ ሞተ። ባሏ ከዚያ ወዲህ ከሥራ ሲመለስ ልብሱን በር ላይ አውልቆ፣ እጁን እስኪቀላ ታጥቦ ነው ልጁን የሚያቅፈው።

«ደግሞ እማዬ አለች» አለ፤ «እሷ ደረቷን እንደሚያማት እያወቅሽ።»

አያትየው ከወንበራቸው ቀና አሉ። «እኔን ምክንያት አታድርገኝ ልጄ። እኔ ክፍሌን ዘግቼ መቀመጥ አያቅተኝም። ይቺ ልጅ ግን ከኔ ጋር ውላ እንደ አሮጊት ማንቀላፋት ለምዳለች። ትናንትና ወገቤን ቆረጠመኝ ስትል ሰምቻታለሁ።»

ሹፌሩ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን ቢያዞርም ሐሳቡን አልቀየረም። ያኔ ድምቢጥ ከጠረጴዛው ሥር ብቅ አለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«እማ፣ መምህሬ እግር አላት?»

ልጅቷ መምህርቷን ከደረቷ በላይ እንጂ አይታት አታውቅም። እናትየው እያቀፈቻት «ቅዳሜ አይቼ እነግርሻለሁ» አለቻት።

ቅዳሜ ጠዋት ባልና ሚስቱ አብረው ሄዱ። ወንበሮቹ በግቢው ሜዳ ላይ ተራርቀው ተደርድረዋል። ርዕሰ መምህሩ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ወላጆች ለሁለት ተከፈሉ። ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ የሬዲዮው ዳቦ ቤት ባለቤት። «ልጄ ግድግዳ ላይ መውጣት ጀምሯል፤ ክፈቱልን!» አለ። በሌላው ወገን አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ተነሥታ፣ ለትኩሳት ማስታገሻ የሚመጣው ሰው በየቀኑ እየጨመረ መሆኑን ተናገረች፤ «እኔ ልጄን አልክም፤ የምትልኩም ደግማችሁ አስቡበት» ብላ ተቀመጠች። ሹፌሩም ተነሣ። በሰው ፊት መናገር አይወድም። «እኔ ባለፈው ዙር ጓደኛዬን ቀብሬያለሁ» አለ። «ስለዚህ እኔን ደፋር ሁን አትበሉኝ።» ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

ከዚያ ዝናብ መጣ። ያለማስጠንቀቂያ ዶፉን አወረደው። ርዕሰ መምህሩ ወረቀታቸውን ኮታቸው ውስጥ ከተው «ወደ አዳራሹ እንግባ!» ብለው በሩን ከፈቱ።

አንድም ሰው አልገባም።

የከፋፈላቸው ጭቅጭቅ ሁሉ ተረስቶ፣ ክፈቱ ያለውም አትክፈቱ ያለውም እኩል ሮጦ የመማሪያ ክፍሎቹ የጣሪያ ክፈፍ ሥር ተራርቆ ቆመ። ዳቦ ጋጋሪው ጃኬቱን ራሱ ላይ ደፍቷል።

«አንተ እንኳ ግባ እንጂ» አለችው የመድኃኒት ባለሙያዋ፤ «ክፈቱልን ስትል አልነበረም?»

«ልጄን አልኩ እንጂ እኔን መች አልኩ» አለ። ግቢው በሳቅ ሞላ፤ እሱም እየሳቀ አንገቱን ደፋ።

እናትየው ከሰው ጋር ስትስቅ ቆየችና ድንገት ቀና ብላ ክፈፉን አየች። ከላይ ጣሪያ አለ። ግድግዳው በአንድ ጎን ብቻ ነው፤ ነፋሱ ከወዲያ ገብቶ ከወዲህ ይወጣል። ሰውም ማንም ሳይሳቀቅ ያወራል።

«መምህር» አለች ወደ ርዕሰ መምህሩ ጮክ ብላ፤ «ልጆቹ እንዲህ ባለ ቦታ ለምን አይማሩም? ክፍል ውስጥ ሳይሆን፣ እዚህ ሜዳው ላይ፣ ጣሪያ ሥር?»

«እኔም ውጭ ይሁን ብዬ አስቤ ነበር» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ፀሐዩንና ዝናቡን ምን ላድርገው? ጣሪያ የሚሠራበት ገንዘብም ጊዜም የለኝም።»

«ጣሪያውን ለእኔ ይተዉት። እንጀራዬ ሸራ መስፋት ነው።»

መምህርቷ ከዳር ቆማ ነበር። ወጣት ናት፤ በጣም ረጅም። «እኔ ሜዳው ላይ ማስተማር እፈልጋለሁ» አለች። «እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ስልክ የማወራው ከልጆቹ ይልቅ ከአያቶቹ ጋር ነው።»

እንዲህ ተብሎ ተለያዩ፤ ሸራው እስከ ሰኞ ሳምንት ከተተከለ የሚፈልግ ልጁን ያመጣል፤ ካልተተከለ ሁሉም በስልክ ይቀጥላል። ወደ ቤት ሲመለሱ ሹፌሩ መንገዱን ሁሉ የዛፎቹን መወዛወዝ እያየ ሄደ። በራቸው አጠገብ ሲደርሱ ቆመ።

«ነፋስ ቢነቅለውስ?» አላት።

በደስታ ልታቅፈው ምንም አልቀራት። ሲከራከራት የሰነበተው ስለ በሽታ ነበር፤ አሁን ግን የሚጨነቀው ስለ ገመድ ነው። ቤት ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው ድምቢጥን ማንሣት ነበር። «መምህርሽ እግር አላት። እንዴት ያለ ረጅም እግር መሰለሽ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እሷም አታውቀውም። የወርክሾፑ ባለቤት፣ ደንበኞች ትተዋቸው የሄዱ አሮጌ ሸራዎችን ሰጣት፤ «ከሥራ ሰዓት ውጭ የስፌት መኪናውን ተጠቀሚበት» አላት። አጠገቧ የምትሰፋው ሴትም ሳትጠየቅ ተቀመጠች። አንዱን ሸራ ከአንዱ እየገጠሙ፣ ጠርዙን አጥፈው ገመድ የሚገባበትን የብረት ቀለበት በየክንዱ ርቀት መቱበት። ሸራዎቹ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ደግሞ ፀሐይ የበላው ግራጫ ነበር። ማታ ማታ ጣቷ እያበጠ ትመጣለች፤ ግን እያንጎራጎረች ነው የምትገባው።

ሐሙስ ዕለት ምሰሶ ከየት እንደሚመጣ ስታስብ ሹፌሩ «እሱን ተዪው፣ አግኝቻለሁ» አለ። ከአገልግሎት ውጭ የሆኑ አውቶቡሶች ውስጥ ተሳፋሪ የሚጨብጣቸው የብረት ቱቦዎች አሉ። የጋራዡን ኃላፊ አስፈቅዶ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲፈቱ ውለው ነበር። አየችው። እሱ ግን ዓይኗን ሸሸ። «እልካታለሁ አላልኩም» አለ። «ሸራው መሬት ላይ እንዳይቀር ብዬ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ወላጆች ተሰበሰቡ። ቱቦዎቹ ተተከሉ፣ ገመዱ ተሳበ፣ ያ ባለ ብዙ ቀለም ሸራ እያጓራ ተነሣና ሜዳው ላይ ተዘረጋ። ሰው አጨበጨበ። ዳቦ ጋጋሪው መሀሉ ላይ ቆሞ እጁን እንደ አስተማሪ እያወዛወዘ ይቀልድ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ፤ ሸራው ውሃውን መሀሉ ላይ ተቀበለ፣ ሆዱ ተነፋ፣ ወረደ፣ ከዚያ አንዱ ስፌት ተተረተረና ያ ሁሉ ውሃ በዳቦ ጋጋሪው ላይ ተደፋ።

ሰው ሲስቅ እናትየው ግን እንባዋ መጣ። ስህተቱ ወዲያው ገብቷታል። የመኪና ሸራ ከሥሩ ጭነት አለ፤ ወገቡ ራሱ ከፍ ስለሚል ውሃው ይወርዳል። ይህኛው ከሥሩ ባዶ ነው፤ እሷ ግን እንደለመደችው ዝርግ አድርጋ ሰፍታዋለች።

«መሀሉን ማንሣት ነበረብኝ» አለች። «አሁን በምን ላንሣው?»

ከአጥሩ ውጭ ያቺ የመድኃኒት ባለሙያ ቆማ ስታይ ነበር። ልጇን እንደማታመጣ ተናግራለች፤ ሆኖም ከሥራ ስትመለስ እግሯ ወደዚያ አምጥቷታል። «ለምን ከግቢው ዛፎች ጋር አታስሩትም?» አለች። «ከሜዳው ወዲህና ወዲያ ያሉት ሁለቱ ትይዩ ናቸው። መሀል ለመሀል ወፍራም ገመድ ወጥራችሁ ሸራውን በላዩ ጣሉት።»

ሹፌሩ አንዱ ዛፍ ላይ ወጣ፤ የመምህርቷ ቁመትም ያን ቀን ጠቀመ። ሊመሽ ሲል ሸራው መሀሉ ከፍ ብሎ፣ ሁለት ጎኑ እንደ ክንፍ ተዘርግቶ ቆመ። በባልዲ ውሃ ደፉበት፤ ውሃው በሁለቱም በኩል ተንሸራቶ ወረደ። የተተረተረውን ስፌት እናትየው እዚያው ሜዳው ላይ ተቀምጣ በእጇ ሰፋችው። ሹፌሩ ከጎኗ ተቀምጦ ሸራውን ያዘላት።

«እኔ ነኝ የማደርሳት» አለ ድንገት። «ማስኳን እኔ አስራለሁ። ከሌላ ልጅ ተራርቃ ትቀመጣለች። እማዬም ስትመለስ ሳትታጠብ አትቀርባትም። ክፍሏ ውስጥ አንድ ልጅ ከታመመ ደግሞ እቤት ትሆናለች።»

«እሺ» አለች፤ መርፌው ግን ሁለት ጊዜ ስቶ ጣቷን ወጋት።

ሰኞ ጠዋት ድምቢጥ ማንም ሳይቀሰቅሳት ለብሳ፣ ቦርሳዋን አዝላ በር ላይ ቆማ ተገኘች። መንገዱን ሁሉ እየዘለለች ሄደች። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ግን እግሯ ታሰረ፤ የአባቷን ሱሪ ጨምድዳ ከኋላው ተደበቀች። ሹፌሩ ልቡ ተሰበረ። እንመለስ ሊላት አፉን ሲከፍት ከሸራው ሥር የመምህርቷ ድምፅ ተሰማ፤ ልጆቹን እየተጣራች ነው።

ልጅቷ ጆሮዋን አቀናች። «አባ፣ ስልኩ ውስጥ ያለችው ናት።»

ከፊት ያለች አንዲት ልጅ ዞር አለች። «አንቺ አያትሽ መልስ የሚነግሩሽ ልጅ አይደለሽም?»

ድምቢጥ ተናደደች። «ሁሉንም አይነግሩኝም! አንዳንዱ የራሴ ነው!» ብላ ክርክሩን ለመጨረስ ወደ ልጅቷ ሄደች። የአባቷን ሱሪ መልቀቋን ራሷም አላወቀችም። ሹፌሩ አጥሩን ይዞ ቆመ፤ ሸራው ከነፋሱ ጋር ሲተነፍስ፣ ሥሩ ልጆች ሲንጫጩ እያየ ሥራ እስኪረፍድበት ቆየ። ከዚያ ለሚስቱ ደወለ። «ገባች» አላት። «እየተጨቃጨቀች ገባች።» ወርክሾፑ ውስጥ እናትየው ብድግ ብላ ለአጠገቧ ሴት ነገረቻት፤ አላስችል ብሏት ለባለቤቱም ነገረችው።

ጥቂት ሳምንት እንዳለፈ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ታመመ፤ ምርመራውም በሽታው መሆኑን አሳየ። ትምህርቱ ቆመ፤ ድምቢጥም ቃል እንደተገባው እቤት ዋለች። እነዚያ ቀናት ከባድ ነበሩ። ሹፌሩ የድምቢጥን ግንባር ሳይነካ አያድርም፤ እናትየውም በሳል ድምፅ ሁሉ ትደነግጣለች። አያትየው በራቸውን ዘግተው ከውስጥ «ደህና ናት ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ድምቢጥ ደህና ነበረች። ሌሎቹም ልጆች ደህና ሆኑ፤ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ትኩሳቱ ለቀቀውና አባቱ ዳቦ ቤቱን ከፍቶ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ወሬውን ነገረ። ሸራው አዳናቸው ወይስ ዕድል ነው፣ ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አልቻለም።

ትምህርቱ እንደገና ሊጀመር ሲል እናትየው ባሏን ፈራ ተባ እያለች «ምን ይሻላል?» አለችው።

ሹፌሩ ጫማውን እያሰረ ነበር። «ፍርሃቴ አልለቀቀኝም» አለ። «ትናንት ግን በመስኮት ያየቻትን የሰፈር ልጅ ጠርታ ስታወራ ሰማኋት። ስላንቺ ሸራ ነበር የምታወራው፤ አጋንናለች እንጂ። ትሂድ።»

በዚያው ሳምንት የመድኃኒት ባለሙያዋም ወንድ ልጇን እጁን ይዛ መጣች፤ ከዳር ካለው ምሰሶ አጠገብ አስቀመጠችውና ገመዱ መጥበቁን ራሷ ጎትታ አየች። ቤት ውስጥም ነገር ተገለበጠ። ድምቢጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታጥባ ሳትጨርስ ወሬ ትጀምራለች፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ መምህርቷ ምን እንዳለች፣ ወፍ ሸራው ላይ ምን እንዳደረገች። አያትየው ከክፍላቸው ሆነው «ኧረ ይቺን ልጅ ትንሽ ዝም አሰኙልኝ» ይላሉ፤ እናትየው ግን ምግቡን እያቀረበች «ቀጥዪ፣ ከዚያስ?» ትላታለች።