ጥሩምባው የት ይቀመጥ

ጣሊያኖቹ ተናጋሪውን ሣጥን ገሜዳ ቤት ያስቀመጡት ገሜዳን ወደውት አልነበረም። ከኮልፌ ወደ ቀራንዮ በሚያወጣው አዲሱ መንገድ ዳር ቆርቆሮ የለበሰው ቤት የሱ ብቻ ስለነበረ ነው። ገሜዳ አናጢ ነው። ለሰው ቤት ሲሠራ የተረፈውን ቆርቆሮ እያጠራቀመ በስድስት ዓመት ጣራውን ሸፈነ። ጎረቤቱ ሁሉ "እሰይ" ሲለው ሚስቱ ዋጋነሽ ብቻ "የሚያብረቀርቅ ነገር ዓይን ይጠራል" ብላው ነበር። ዓይኑ በኅዳር ወር 1932 ዓ.ም. በበቅሎ ተቀምጦ መጣ።

በቅሎ ላይ የነበረው ጣሊያናዊ ሹም አንድ የእንጨት ሣጥን፣ እንደ ሙክት የሚከብድ ባትሪና አፉን የከፈተ ትልቅ ጥሩምባ አስወረደ። ሣጥኑ ይናገራል፣ ጥሩምባው ያጎላዋል። ሁለቱን የሚያገናኘው ሽቦ ሰባት ክንድ ነው። ሹሙ ሣጥኑን ከምሰሶው አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ፣ ማንም እንዳያነሳው፣ ሽቦውንም ቆርጦ እንዳይቀጥል፣ በሰም አተመው። ጥሩምባውን ግን የትም ቢያደርጉት ግድ የለውም።

ከዚያ ወደ ገበያው ወረደና ሾላው ሥር ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ቆመ። ይህ ሾላ የታወቀ ነው። መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ቀትር ላይ ያንኮራፋል ይባላል፤ ሰምተናል ብለው ግንዱን ቅቤ የቀቡት ሴቶችም አሉ። ሹሙ ድንጋይዋን የመረጣት ግን ይህን ሰምቶ አይደለም። የቀረው መሬት የገበያ አህዮች የዋሉበት ስለሆነ፣ ጫማው ደግሞ በማብረቅረቅ ከቆርቆሮው ስለማያንስ ነው። እዚያው ሆኖ በአስተርጓሚው በመኳንንት አፍ ትእዛዙን ሰጠ። የመንግሥት ወሬ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በአማርኛ ይነገራል። የሚመጣው ቅዳሜ፣ ገበያው ሲቆም፣ እዚችው ድንጋይ ላይ ቆሞ ያዳምጣል። ቃል በቃል ከሰማ መልካም። ካልሰማ ባለቤቱ ሥራውን አልቻለበትም ማለት ነውና፣ ሁለት ዘበኞች ቤቱ ገብተው ጥሩምባውን ይጠብቃሉ። ቤተሰቡ ማድ ቤት ያድራል።

ገሜዳ ለስንት ቀን እንደሆነ እንዲጠየቅለት ለመነ። መኳንንት ቀና ብሎ ሹሙን አየ፤ ቀጥሎ ቆርቆሮውን አየ።

"ይሄን ባልጠይቅልህ ይሻልሃል" አለው።

ገሜዳ ገባው። የገባ ዘበኛ ሲወጣ ያየ ሰው በሰፈሩ አልነበረም። ስድስት ዓመት የተለቀመ ቆርቆሮ ሥር ሌላ ሰው ሊተኛ ነው።

አናጢ ስለሆነ ግን ቶሎ አልደነገጠም። በር የሚተከልበት ቦታ አለው፣ አልጋ የሚዘረጋበት ቦታ አለው፤ ጥሩምባም የራሱ ቦታ ይኖረዋል ብሎ አሰበ። ሰኞ በሩ ላይ አቆመው። ዋጋነሽ ሣጥኑን ስትከፍት እሱ እየሮጠ ሾላው ሥር ደረሰ። የሰማው ነገር ቢኖር ልቡ ሲመታ ነው። ቤቱ ከመንገዱ በላይ ነው፤ መንገዱ ሲሠራ ኮረብታው ተቆርጦ ስለነበር ድምፁ እዚያ ገደል ውስጥ ወድቆ ይቀራል። የሰማችውስ የጎረቤቱ የሰብሪያ ላም ናት። ሰብሪያ ወተት ሻጭ ናት፤ ባዶ ቅሏን ይዛ መጣችና ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው።

"ላሜ እንግዳ አትወድም" አለችው። "ሰውየውን ወደ ሌላ አዙርልኝ።"

ማክሰኞ ከጣራው ክፈፍ ሥር ሰቀለው። ቆርቆሮው አብሮ ዘፈነ። ያልጠበቀ ምስማር ሁሉ መንጫጫት ጀመረና የዕለቱ የመንግሥት ወሬ በምስማር ቋንቋ ተነገረ። ረቡዕ ወደ አጥሩ ሊያወጣው ሲጎትት ሽቦው ሊደርስ አንድ ክንድ ጎደለው። ሐሙስ ልክ ገመዱን አውጥቶ ከሣጥኑ ተነስቶ ሰባት ሰባት ክንድ በየአቅጣጫው ለካ። ወደ ሾላው የሚያይ፣ ሽቦው የሚደርስበት፣ ላም የሌለበት አንድ ቦታ ብቻ ቀረ። እዚያ ላይ አማቱ ተኝተውበታል።

ወይዘሮ ጉዲቱ የዋጋነሽ እናት ናቸው። አዲሱ መንገድ ቤታቸውን ሲያፈርሰው፣ ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ ድመት ይዘው ለሳምንት ብለው መጡ። ጓዳው ውስጥ ከግድግዳው ጋር በጭቃ መደብ ሠርተው ተቀመጡ፤ መደብ ደግሞ ከተሠራ አይጎተትም። ከራስጌያቸው በላይ፣ ክንድ በሚያህለው የድንጋይ ግድግዳ ውስጥ፣ ለብርሃን የተተወች ቀዳዳ አለች። ቀዳዳዋ የምታየው ወደ ሾላው ነው።

ችግሩ መደቡ ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። በነገሜዳ አገር ደንብ አማች የአማቱን ስም አይጠራም፣ ፊት ለፊት አያይም፣ ቃል አይወረውርም። ገሜዳ ደንቡን ሲጠብቅ ከሚገባው በላይ ነው። አማቱ ጉዲቱ ስለሚባሉ ቤት ውስጥ "ጉድ" እንኳ አይልም፤ ጣቱን በመዶሻ ሲመታ "አቤት ነገር" ብሎ ያልፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳይለዋወጡ በአንድ ጣራ ሥር ኖረዋል። ለነገሩ እሳቸው ጆሯቸው ከብዷል ይባላል፤ ሲጠሩ አይሰሙም። የገሜዳ ምላስ የሚፈታው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ ሲለቅ፣ ሾላው ሥር፣ ጠፍጣፋዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከወንዶቹ ጋር ሲጫወት ነው። እዚያ ስማቸውንም ይጠራል፣ ሌላም ሌላም ይላል። ከቤቱ ሩቅ ነው፤ ማን ሊሰማ።

እስከ ዛሬ ቃል ሲያስፈልግ አመላላሿ ዋጋነሽ ነበረች። ዐርብ ጠዋት ገሜዳ ነገሩን ሲያነሳባት መሶቧን ከደነችና ነጠላዋን አነሳች።

"የሰው እናት ከመደቧ ተነሽ የሚል ቃል እኔ አልሸከምም" አለች። "ሁለት ዓመት አፌን አከራይቻለሁ። ይቺን ራስህ ተሸከማት።" ወጥታ ወደ ሰብሪያ ቤት ሄደች።

ገሜዳ ብቻውን ቀረ። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ነገ ቅዳሜ ነው። ሦስት ጊዜ ሳለ። ጓዳውን ከሚጋርደው መጋረጃ በዚህ ወገን ቆመና ፊቱን ወደ ምሰሶው አዞረ። ሰው በገዛ ቤቱ ምሰሶውን ማናገሩ የተከለከለ አይደለም።

"አንተ ምሰሶ" አለ። "ቤታችን ከእጃችን ሊወጣ ነው። ቀዳዳዋ ላይ ጥሩምባ ካልተቀመጠ ነገ ዘበኛ ይገባብናል። ትልቅ ሰው ከቦታቸው ማስነሳት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ምን ላድርግ?"

ከመጋረጃው ወዲያ ሰው ሲገላበጥ ተሰማ፤ ቀጥሎ ድመቷ ተጠራች።

"ነይ ውሮ" አሉ ወይዘሮ ጉዲቱ። "ለዚያ ሰውዬ አንድ ነገር ንገሪው። ባለፈው ማክሰኞ 'የጉዲቱ መደብ የቤቴን ሩብ በላው' ተብሏል። ሩብ አይሞላም፤ ገመድ አለው፣ ይለካው። ሐሙስ ደግሞ 'ጉዲቱ ስታንኮራፋ ቆርቆሮው ይነሳል' ተባለ። ያን ቀን ሦስት ሰው ነው የሳቀው፤ አንዱ ቀስ ብሎ።"

ገሜዳ ምሰሶውን ያዘ።

"ከፍልሰታ በፊት ደግሞ" አሉ፣ "'ልኳን በዓይኔ ወስጃለሁ፤ ለሬሳ ሣጥኗ ሁለት የባሕር ዛፍ ሳንቃ ይበቃታል' ተባለ። ንገሪው ውሮ፦ ባሕር ዛፍ አልፈልግም። ጽድ ነው የምፈልገው።"

እያንዳንዱ ቃል የሱ ነበር፤ በቅደም ተከተሉ፣ ወንዶቹ የሳቁበት ቦታ እንኳ ሳይዛነፍ። ጆሮ ከብዷል ይባል እንዳልነበር ምሰሶውን በዝግታ ጠየቀው።

"ስጠራ የማልሰማው" አሉ ለድመቷ፣ "የሚጠሩኝ ለሥራ ስለሆነ ነው። እዚያ ድንጋይ ላይ የተባለ ሁሉ በዚች ቀዳዳ ይገባል። በገባበት ደግሞ ይወጣል። ጥሩምባውን ያምጣው፤ እኔ እግሬን ሰብሰብ አደርጋለሁ። ሰውየው ሲሄድ ግን ቀዳዳዬ ይመለስልኝ። በዚህ ዕድሜዬ ያለ ወሬ አላድርም።"

ገሜዳ በዚያች ሰዓት ሾላው ቀትር ላይ ለምን እንደሚያንኮራፋ ገባው። ቅቤውንም አሰበ። ለማንም አልተናገረም።

ወዲያው ሥራ ጀመረ። ጥሩምባው ሁልጊዜ ቀዳዳው ላይ ከተቀመጠ አማቱ ይጨልምባቸዋል፤ ካልተቀመጠ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ከአሮጌ መስኮት ሁለት ማጠፊያ ነቅሎ፣ ከመደቡ በላይ ግድግዳው ላይ እንደ መዝጊያ የሚዞር የእንጨት ክንድ ገጠመ፤ ጥሩምባውን ጫፉ ላይ በጠፍር አሰረው። ሲገፉት አፉ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ ሲጎትቱት ወደ ጥግ ይታጠፋል። ይህን ሁሉ ሲሠራ ወይዘሮ ጉዲቱ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ እሱም ጀርባውን ሰጥቷቸው ነው። ጀርባ ተሰጣጥቶ ምስማር መምታት ቀላል አይደለም፤ "አቤት ነገር" ሁለት ጊዜ ተሰማ።

ስድስት ሰዓት ላይ ዋጋነሽ ተመልሳ ሣጥኑን ከፈተች። ገሜዳ ድንጋይዋ ላይ ቆመ። ድምፁ የሰው አፍ ጆሮው ላይ የተለጠፈ ያህል ጠርቶ መጣ። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሲሄድ ጠፋ፤ ቅል ውስጥ የገባች ንብ ብቻ ቀረች። ወደ ቀኝ ሲሄድ የሚሰማው አህያ ነው። ዞር ብሎ ቢያይ ከሾላው ጀርባ፣ መንገዱ ሲሠራ አፈሩ እንዳይናድ የተገነባው የድንጋይ ግንብ እንደ ሰፌድ ጎበጥ ብሎ ቆሟል። የፈሰሰውን ድምፅ ለቅሞ ድንጋይዋ ላይ የሚያፈሰው እሱ ነው። የመንግሥትን ወሬ የመንግሥት ግንብ ሰብስቦ ለመንግሥት ሹም ያቀብላል። ሌላው ሰው ምን አግብቶት።

ቅዳሜ ገበያው ሞላ። ሹሙ ከበቅሎው ወርዶ ቀጥታ ድንጋይዋ ላይ ወጣ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ገሜዳ ሹሙ ፊት ቆሞ ፊቱን ያያል፤ ፊቱ ላይ ቤቱ ተንጠልጥሏል። የሹሙ ቅንድብ ተነሳ፣ ራሱን ነቀነቀ። ግራ ቀኙን ሲያይ ገበያተኛው በርበሬ ይሰፍራል፣ ዶሮ ይመዝናል፤ ማንም ጆሮ የሰጠ የለም። ይህን ባለመውደድ ሊጠጋቸው ብሎ ከድንጋይዋ ወረደ። ድምፁ ተቋረጠ።

ሹሙ ቆመና ወደ ቆርቆሮው ቤት አንጋጠጠ። በጣሊያንኛ አንድ አጭር ነገር ጠየቀ። መኳንንት ራሱ ድንጋይዋ አጠገብ ስለነበር ድምፁ ወደሚሰማበት አንድ ጊዜ ገባ ብሎ ወጣ፤ ገባ ብሎ ወጣ። ገሜዳን አየው። ገሜዳ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። መኳንንት ጉሮሮውን ጠርጎ ለሹሙ ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጠው፤ ምን እንደሆነ የታወቀው ቆይቶ፣ ራሱ ሲያወራው ነው። "ተናጋሪው ትንፋሽ እየወሰደ ነው፣ ጌታዬ" ነው ያለው።

ሹሙ በዚህ መሐል የቆመበትን ተመለከተ። ጫማው የአህያ ነገር ነክቷል። ፊቱን አጨማዶ ድንጋይዋ ላይ ተመለሰ፤ ድምፁም ትንፋሹን ጨርሶ ተመለሰ። እስከ መጨረሻው ሳይንቀሳቀስ አዳመጠ። ሲያበቃ አንድ ቃል ለመኳንንት ነግሮት ወደ በቅሎው ሄደ።

"ይሰማል ብሏል" አለ መኳንንት። "ቤትህ ቤትህ ነው።"

ገሜዳ ቁጭ አለ፤ አህዮቹ የዋሉበት መሬት ላይ መሆኑን ያወቀው በኋላ ነው። መኳንንት ግን ድንጋይዋ ላይ ቆሞ ከበቅሎ ጠባቂው ጋር ጥቂት ሲጫወት ቆየ። ገሜዳ ቤቱ ሲደርስ ጥሩምባው ወደ ጥግ ታጥፏል፤ ከመጋረጃው ወዲያ ለድመቷ ወሬ እየተነገራት ነው።

"ሰውየው የሚመለሰው ለጥምቀት ዋዜማ ነው ውሮ" ይላሉ ወይዘሮ ጉዲቱ። "እስከዚያ ያን ሣጥን ማስጮህ ባትሪ መጨረስ ነው።"

ከዚያ ወዲህ ሣጥኑ ሹሙ በሚመጣበት ቀን ብቻ ይናገራል። ቀኑን ከሹሙ እኩል የሚያውቁት አንዲት ሴትዮ ናቸው። የሰብሪያ ላም ወተቷን ሰጠች።

እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገሜዳ ሾላው ሥር ሄደ። ወንዶቹ ድንጋይዋን ለቀቁለት። አልተቀመጠም፤ ወጥቶ ቆመባትና ነጠላውን አስተካከለ። ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ።

"ጽዱ ተገኝቷል" አለ፣ ድምፁን ሳያነሳ። "ለሣጥን ግን አይደለም፤ ለአልጋ ነው። ራስጌው ወደ ቀዳዳዋ ይሆናል። ልኩን በዓይኔ ወስጄ ነበር፤ ዓይኔ ግን ባለጌ ነው። ቢፈቀድልኝ በገመድ ቢለካ ደስ ይለኛል።"

ወንዶቹ ተያዩ። አንዱ ከማን ጋር እንደሚያወራ ጠየቀው።

"ከግንቡ ጋር" አለ ገሜዳ።

ቤቱ ሲመለስ ድመቷ በመጋረጃው ሥር ብቅ አለች። አንገቷ ላይ ክር ታስሯል። ገሜዳ ፈትቶ ዘረጋው፤ አንድ ቋጠሮ አለበት፤ እስከዚያ ሦስት ክንድ ተኩል ነው፣ በዓይኑ ከገመተው አንድ ስንዝር ይበልጣል። ከቋጠሮው አልፎ ሁለት ስንዝር ያህል ርቆ ሌላ ትንሽ ቋጠሮ አለ። ክሩን ደጋግሞ ቢያገላብጠው አልገባውም። ዋጋነሽ ከኋላው አይታ ሳቀች።

"እሱ የውሮ ነው" አለችው። "እግርጌ ነው የምትተኛው።"