ወንዙ ትፈሳለች

ፊርዶስ ሳቢያን ሰፈር ካለው ቤቷ ሆና፣ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የመማሪያ መጻሕፍትን በድምፅ የሚያነብ የቴሌግራም ቡድን ታስተባብር ነበር። በጎ ፈቃደኞቹ ቀድተው ይልካሉ፤ እሷ አዳምጣ ታርማለች። ጆሮዋ ስህተት አያልፍም፤ በዚህም ትኮራለች።

አንድ ቀን ዳሃቦ የምትባል አዲስ አንባቢ የጂኦግራፊውን ሦስተኛ ምዕራፍ ላከች። አፏን የፈታችው በሶማሊኛ ነውና ወንዙን «ትፈሳለች»፣ ተራራውን «ትታያለች» ትላለች። ፊርዶስ ያን ቀን ሙቀቱ አናቷ ላይ ወጥቶ ነበር። ሁለት መቶ ሰው በሚያየው ገጽ ላይ አሥራ ዘጠኝ ስህተት ዘረዘረችና፣ «መጀመሪያ አማርኛ ተማሪ፤ ልጆቹን አታሳስቺብን» ብላ ጨመረችበት። አንዳንዱም በሳቅ ምልክት አጀባት።

ዳሃቦ «ይቅርታ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ቅጂዋን አጥፍታ ከቡድኑ ወጣች።

በሳምንቱ አኒስ የተባለ ዓይነ ስውር ተማሪ ደወለ።

«ያቺ ሦስተኛውን ምዕራፍ ያነበበችው የት ሄደች?»

«ስህተት በዝቶባት ነው። ሌላ ሰው ያነበዋል።»

«ሳይጠፋ ሰምቼዋለሁ፤ ስህተቱም ገብቶኛል» አለ አኒስ። «ግን ካርታው ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ምን እንዳለበት ነገረችን። ወንዙ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚታጠፍ ሳይቀር። እናንተ ‹ካርታውን ተመልከቱ› ብላችሁ ነው የምታልፉት።»

ፊርዶስ የዳሃቦን አድራሻ ማፈላለግ ጀመረች።

በማግስቱ ጠይቃ አጠያይቃ እዚያው ከተማ ወዳለው ታይዋን ገበያ ሄደች። ዳሃቦን የምትሸጠውን የልጆች ልብስ ስታጣጥፍ አገኘቻት። ማን እንደሆነች ስትነግራት ዳሃቦ ፊቷን አላጠቆረችባትም፤ በርጩማ አቀረበችላት።

«አጥፍቻለሁ» አለች ፊርዶስ። «ለብቻሽ ነበር መንገር የነበረብኝ። ተመለሺ፣ አብረን እናርመዋለን።»

«ምንም አይደል አባዮ፣ እህቴ። የጻፍሽው እውነት ነው።» ዳሃቦ ያጣጠፈችውን ልብስ ከጎኗ አስቀመጠች። «ልጄ ግን ቡድኑ ውስጥ ነበረች፤ አይታዋለች። አሁን ሰው ፊት አማርኛ ሳወራ ክንዴን ትነካኛለች። ዝም በይ ማለቷ ነው።»

ይህን እያለች ደንበኛ መጣችና ለሦስት ዓመት ልጅ የሚሆን ቀሚስ ጠየቀች። ዳሃቦ ቃል ሳትናገር ሁለት ቀሚስ አውጥታ ፊቷ ዘረጋችላት። ፊርዶስ ቀስ ብላ ተነስታ ወጣች።

ሦስተኛውን ምዕራፍ ራሷ አነበበችው። አማርኛው እንከን አልነበረውም። ካርታው ጋ ስትደርስ ግን ከየት እንደምትጀምር ጠፋት። ደጋግማ ሞክራ ተወችው፤ አኒስም ያን ገጽ ዳግም ሳይሰማ ፈተና ገባ።