ጀማል የሰፉት መንገድ

ሱመያ የሠራችው ሮቦት ጋሪ ጥቂት ስንዝር ይሄድና ኩርባው ጋ ሲደርስ፣ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ቀጥ ብሎ ከጥቁሩ መስመር ይወጣል። ሱመያ ለሰባተኛ ጊዜ አንስታ መነሻው ላይ መለሰችው።

«የባጃጅ ሹፌር ጭንቅላት ሰጥተሽዋል» አለ የክፍል ጓደኛዋ ደረጀ። «መስመር አያከብርም።»

አልሳቀችም። የትምህርት ቤቱ ውድድር ነገ ጠዋት ነው፤ ያስጨነቋት ግን ዳኞቹ አልነበሩም። አባቷ ጀማል የልብስ ሰፊዎች መንገድ በሆነው በመኪና ግርግር ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። ሮቦቷን ሁለት ዓመት ሙሉ «ያንቺ ቆርቆሮ» ሲሉ ኖረው፣ ባለፈው ሳምንት ሳትለምናቸው ነጭ አቡጀዲ ዘርግተው ጥቁር የጨርቅ መንገድ ሰፉበት። ክሩ አይታይም፤ ኩርባው ላይ እንኳ አንድ ጭምድድ የለም። «ነገ ሱቁን ዘግቼ እመጣለሁ» አሏት። ከጁምዓ ሶላት በቀር ሱቅ ዘግተው አያውቁም።

ጋሪው ሆዱ ሥር ለዓይን የማይታይ ብርሃን የምትረጭ ትንሽ አምፖልና መልሱን የምትቀበል ሌላ አለችው። ነጭ ብርሃኑን ይመልሳል፣ ጥቁር ይውጠዋል፤ ጋሪው መንገዱን የሚያውቀው በዚህ ነው። ሱመያ ፀሐዩን ጠርጥራ መስኮቱን ዘጋች። ተቀባይዋን በጥቁር ቱቦ ሸፈነች። ሁለቱንም ወደ መሬት ዝቅ አደረገች። ማስተካከያዋን ብሎን በፀጉር ስፋት አዞረች። ያው ነው።

«ሲሚንቶው ላይ በጥቁር የኤሌክትሪክ ናስትሮ የለጠፍነውን መስመር እኮ አንዴም አልሳተም» አለ ደረጀ።

ሱመያ ቀና አለች። ስልኳን አውጥታ የጋሪውን ሆድ ሥር በካሜራው አየች፤ ካሜራው ዓይን የማያየውን ብርሃን ያያል። ነጩ ላይ ሐምራዊ ነጥብ በራ። ጥቁሩ ጨርቅ ላይም እኩል በራ። ቁራጭ ናስትሮ ከጋሪው ሥር ስታስገባ ነጥቡ ጠፋ።

«ጨርቁ የጠቆረው ለእኛ ነው» አለች። «ለጋሪው ነጭ ነው።»

«እንግዲህ ናስትሮውን ላዩ ላይ እንለጥፋ።»

«አባቴ ሳይነገራቸው?»

ጨርቁን ጠቅልላ ወደ አባቷ ሱቅ ሄደች። ጀማል ሰምተው ሲያበቁ ጨርቁን ወደ በሩ ወስደው እንደ ልማዳቸው በቀን ብርሃን አገላበጡት።

«ጥቁር አይደለም ነው የምትይኝ?»

«አባ፣ ለዓይን ጥቁር ነው። ይኸው፣ በስልኩ ይዩት።»

አዩ። ደጋግመው አዩ። ከዚያ ስልኩን መልሰው መቀሳቸውን አነሱ።

«ላዩ ላይ መለጠፍ ይበቃል፣ አባ።»

«እኔ በሰፋሁት ላይ ፕላስተር አይለጠፍም።»

ስፌቱን አንድ በአንድ እየበጠሱ ፈቱት። ጥቁሩን ጨርቅ አጥፈው ከስፌት መኪናቸው መሳቢያ ከተቱ፣ ነጩን ለእሷ ሰጧት።

«ነገ ይመጣሉ አይደል?»

«የሰው ልብስ ይዣለሁ» አሉ፣ ክር ወደ መርፌው ዓይን እያስገቡ።

ቤት ስትደርስ አቡጀዲውን ዘረጋችው። የመርፌው ቀዳዳዎች በሁለት ቀጭን ረድፍ መንገዱን ይዘው ቀርተዋል። ናስትሮውን በእነሱ መካከል ለጠፈች። ጋሪው አሥር ጊዜ ዞረ፤ አንዴም አልወጣም።

በማግስቱ ጠዋት ጨርቁን ታቅፋ በመኪና ግርግር ስታልፍ የአባቷ ሱቅ ተከፍቶ ነበር። ከበሩ ፊት ቆማ ቀና እስኪሉ ጠበቀች። የስፌት መኪናው ይንቀጫቀጫል፤ ቀና አላሉም።