የጉማሬዋ ተራ

በጃንሆይ ዘመን፣ ከዲጋ ወደ ዲዴሳ በሚያወርደው መንገድ ዳር የነበረው የወይዘሮ ሸዋጌጥ የውሃ ወፍጮ በሁለት ነገር የታወቀ ነበር፤ በዱቄቱ ልስላሴና በተራው ጽናት። እህል ያመጣ ሁሉ ስልቻውን በመጣበት ቅደም ተከተል ከበሩ ጀምሮ ይደረድራል። የባላባት ሚስት ብትሆን እንኳ የሌላውን ስልቻ ዘላ አታስፈጭም።

ያን ዓመት በጋው ጠናና ወንዙ ቀጠነ። የጎረቤታቸው የኦቦ መገርሳ ልጅ ድርቤ እሑድ ልትዳር ነው፤ በቅቤ ለሚርሰው የሠርግ ቂጣ ለጩምቦው የሚሆነው ጤፍ ግን ገና አልተፈጨም። ወይዘሮ ሸዋጌጥ ዱቄቱን ለሠርጉ አደርሳለሁ ብለው ቃል ሰጥተዋልና ወንዙን ከዳር እዳር ገደቡት። ከወፍጮው የሚወጣውንም ውሃ ወደ ሸንኮራ አገዳቸው መለሱት፤ ጠብታ እንኳ ወደ ታች አላለፈችም።

ዓርብ ጧት፣ የኦቦ መገርሳ ተራ ሊደርስ ሲል የወፍጮው ድንጋይ አጉረመረመና ቀጥ አለ። ወይዘሮ ሸዋጌጥ ነጠላቸውን አሸርጠው ወደ ግድቡ ወጡ። የቦዩን አፍ አንድ ትልቅ ጥቁር ነገር ደፍኖታል። ቋጥኝ መስሏቸው ሲጠጉ፣ ቋጥኙ ጆሮውን አርገበገበ።

ጉማሬ ናት! ግልገሏን ከጎኗ አስተኝታ፣ መቀመጫዋን ቦዩ ውስጥ ወትፋ ተደላድላለች። ከታች ያለው ኩሬዋ ቢደርቅባት ውሃዋን ፍለጋ መጥታለች።

"እትዬ፣ ምንሽሬን ላምጣ?" አለ፣ ተከትለዋቸው ከወጡት ተራ ጠባቂዎች አንዱ፣ አዳኝ ነኝ ባዩ አበጋዝ።

"ባለፈው ከርከሮ ነው ብለህ የተኮስከው የጎረቤትህን የባቻን ወይፈን አልነበረም?" አሉት ኦቦ መገርሳ። ተራ ጠባቂው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

"ታዲያ ሠርግዎ በባዶ ሌማት ይሁን?" አለ አበጋዝ።

ወይዘሮ ሸዋጌጥ አልሳቁም። የሰጡት ቃል በጉማሬ መቀመጫ ተዘግቷል። ተኩሱን ቢፈቅዱ ወፍጮው ይዞራል፤ ግልገሉ ግን ዓይኖቹን ብቻ ከውሃው በላይ አውጥቶ እየተመለከታቸው ነበር።

ይሄኔ ኦቦ መገርሳ ወደ ወፍጮው በር ወርደው አንድ ባዶ ስልቻ አንሥተው ከራሳቸው ስልቻ ፊት አኖሩ።

"ይኼ ደግሞ የማን ነው?" አሉ ወይዘሮ ሸዋጌጥ።

"የሷ ነዋ፣ አዴ ሸዋጌጥ! እኛ ወፍጮ ሳንተክል እዚህ ነበረች። በተራ ከሆነ ማን ይቀድማታል?"

"የልጅዎስ ሠርግ፣ ኦቦ?"

"ሠርጉ እሑድ ነው። የሷ ተራ ግን ዛሬ ነው።"

ወይዘሮ ሸዋጌጥ ባዶውን ስልቻ አዩ፤ ዞረውም የለመለመ አገዳቸውን አዩ። ተራ ያፈረሰ ሰው በደጃፋቸው እንዴት እንደሚዘለፍ አገር ያውቃል። ድንገት ሳቃቸው መጣና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

"ለካ ተራ ያፈረስኩትስ እኔው ኖሬያለሁ!"

ረጅም እንጨት ይዘው ከማዶ በኩል የግድቡን ድንጋይ መፈንቀል ጀመሩ፤ ኦቦ መገርሳም አገዙ። ጉማሬዋ አንድ ጊዜ አፏን ከፍታ ስታዛጋ አበጋዝ የተገኘው ዛፍ ላይ ነው። ውሃው ወደ ታች ተንደረደረ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ኩሬው ሞላ፤ ጉማሬዋም ግልገሏን አስከትላ፣ እንደ ባላባት ሚስት ሳትቸኩል ወረደች።

ግድቡን መልሰው ገጠሙት፤ ቅዳሜ ወፍጮው ሲዘፍን ዋለ። ኦቦ መገርሳ እስከ ቅንድባቸው ዱቄት ለብሰው ወደ ቤታቸው ገቡ። እሑድ ከነቀምት እንግዶች ያመጣው ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ኩሬው ዘንድ ሲቆም፣ ሠርገኛው ሙሽራዋን ከማየቱ በፊት ግልገሉን ለማየት ተጋፋ።

ከዚያ ወዲህ ባዶው ስልቻ ከሰልፉ አልጠፋም። ፊት በደረሰ ቁጥር ወፍጮው ይቆማል፣ ግድቡ ይከፈታል፣ ሰውም ሣር ላይ ተጋድሞ ወሬውን ይሰልቃል። አገዳው ትንሽ ቢቀጥንም ጣፋጭነቱን አልተወም።

አንድ ቀን አበጋዝ ከባዶው ስልቻ ኋላ ደረሰው።

"እትዬ፣ አንዲት ፍሬ የማታስፈጭ ፍጥረት እንዴት ትቀድመኛለች?"

"ቀድማህ መጥታ ነዋ! ከቸኮልክ ውረድና እንድትለቅልህ ለምናት።"

አበጋዝ ወደ ኩሬው አሻግሮ ተመለከተ። ስልቻውንም ከባዶው ስልቻ ኋላ ቀጥ አድርጎ አቆመና ቁጭ አለ።