የእማዬ ኦርኪድ

እማዬ አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ፣ ስሙን እንኳ የማናውቀው አበባዋ ቅጠሉን አራገፈ። ቢጨንቀን አበባ ሻጯን ጠራናት። አንጓ አንጓ ያለውን ግንድ ዳበሰችና፣

«ኦርኪድ ነው። ቅጠሉን ሲጥል ይተኛል እንጂ አይሞትም። እስኪያቆጠቁጥ ውሃ አታብዙበት» አለች።

ከሸክላው ስታወጣው ግን ሥሩ በስብሶ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ማነው እንዲህ ያጠጣው?»

«ጠዋት ጠዋት እኔ» አለች እህቴ።

ማታ ማታ ደግሞ እኔ! ሁለታችንም ለእማዬ አሳቢ ነን ባዮች።

«አንቺ ነሽ የገደልሽው!» «አንቺው!» እየተባባልን ቤቱን ቀወጥነው።

ከውስጥ ክፍል የእማዬ ድምፅ ተሰማ፤ ደክሟል።

«ልጆቼ፣ ከአበባው የተረፈ ውሃ ካለ ለእኔም ጠብ አድርጉልኝ። ከጠዋት ጀምሮ ስጣራ ነው የዋልኩት።»