የኮሎኔሉ ወገብ

ልብስ ሰፊው ዕድሜውን ሙሉ የሰው ትከሻና ወገብ ሲለካ ኖሯል። አንድ ቀን እንሽላሊት ይለካል ብሎ ግን ማንም አልጠረጠረም፤ እሱ ራሱም ቢሆን።

ነገሩ የመጣው በልጁ በኩል ነው። ልጅቷ ነርስ ናት። ሚስቱ ካረፈች ጀምሮ እሱ፣ ልጁና ታላቅ እህቱ አንድ ላይ ይኖራሉ። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ቤት ስትቀይር፣ ልጅቷ ኢጓና የሚባል እንስሳዋን ተቀብላ በትልቅ ካርቶን ይዛ ከች አለች። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጫፍ ከሜትር በላይ የሚረዝም፣ ጀርባው ላይ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ነገር የተሰካካበት አረንጓዴ እንሽላሊት ነው። አንገቱን ቀና አድርጎ ሰዉን ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ሲገላምጥ ያየችው እህትየው፣ "ይሄ ደግሞ የየት አገር ኮሎኔል ነው?" አለች። ስሙ በዚያው ጸና።

እህትየው ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ኮሎኔሉ ካለበት ክፍል ደጃፍ አልፋ አታውቅም። የምታናግረውም ከኮሪደሩ ሆና ነው።

ልጅቷ ለስድስት ሳምንት ሥልጠና ሌላ ከተማ እንድትሄድ ታዘዘች። ሻንጣዋን ዘጋግታ ስትጨርስ አባቷን እጁን ይዛ ወጥ ቤት አስገባችው።

"አባዬ፣ ልብ ብለህ ስማኝ። ጠዋት ጠዋት ጎመኑን አድቅቀህ ትከትፋለህ፤ ዱባ ትፍቅበታለህ። ዋናው ምግቡ ቅጠል ነው። ከዚህ ደግሞ ትቀላቅልለታለህ" አለችና አንድ ቆርቆሮ ከፈተች። ውስጡ ፋብሪካ ያዘጋጀው መኖ ነው፤ ምስር የሚያካክሉ አረንጓዴ እንክብሎች።

"ስንት?" አለ ልብስ ሰፊው። በግምት የሚሠራ ነገር አይሆንለትም።

"አንድ ማንኪያ። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ እስኪለሰልስ ጠብቅ። ደረቁን እንዳትሰጠው፤ ውሃ የሚያገኘው ከሚበላው ነው። ደግሞ ቀለለኝ ብለህ እንክብሉን ብቻ ሰጥተኸው ወደ ስፌትህ እንዳትሮጥ! ከምግቡ ሩቡን አይለፍ።"

"ኧረ ገብቶኛል፤ ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ።"

ልጅቷ እንደሄደች ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ኮሎኔሉ ክፍል ገባ። ስትመለስ "አከሳህብኝ" እንዳትለው መረጃ መያዝ ነበረበት። ኮሎኔሉ በመስታወት ቤቱ ውስጥ ከማሞቂያው አምፖል ሥር ተጋድሞ ሲሞቅ፣ ቀስ ብሎ ሜትሩን በሆዱ ሥር አሳለፈ። ከዚያ የደንበኞቹን ደብተር አወጣና በአንዲት ሙሽራና በአንድ ዘበኛ መካከል "ኮሎኔል፤ ወገብ ሃያ ስድስት" ብሎ ጻፈ።

የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ሳምንት ኮሎኔሉ ጎመኑን እየለቀመ እንክብሉን መተው ጀመረ። በሦስተኛው ጎመኑንም ተወው። የመስታወት ቤቱን ጥግ በጥፍሩ ሲቧጭር ይውላል፤ ሳህኑን ዞር ብሎም አያየው።

ልብስ ሰፊው ያልሞከረው ዘዴ የለም። እንክብሉን ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፈ። ከዱባው ጋር አሸው። ሰፋ ባለ የጎመን ቅጠል ውስጥ እንደ ኮት ገበር አስገብቶ ጠቀለለው። ኮሎኔሉ አሸተተና ፊቱን አዞረ። በመጨረሻ "ምናልባት ተበላሽቶ ይሆን?" አለና አንዷን እንክብል ወደ አፉ ወረወረ። በዚያች ቅጽበት እህቱ ደጃፉ ላይ ብቅ አለች።

"ምን እያኘክህ ነው?"

"ምንም።"

"ዓይኔ እያየ? የእንሽላሊቱን ምሳ በላህበት እኮ!"

"ቀመስኩ እንጂ አልበላሁም።"

"እና እንዴት ነው?" አለች፤ ማወቅ ፈልጋለች።

"ሣር ሣር ይላል። ትንሽ ጨው ቢጤ ያንሰዋል።"

እህትየው ግድግዳውን ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሱም ሳቀ። ልጁ በስልክ ስትጠይቀው "ደህና ነው፣ እንደ አንበሳ ነው" ይላታል። ስልኩን ሲዘጋ የሚሰፋው ክር ሁሉ ይበጠስበታል።

በአራተኛው ሳምንት መጀመሪያ፣ የረፋድ ፀሐይ የስፌት መኪናው ላይ አርፋ ሳለ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ደንበኛ ቀሚስ ይዛ መጣች።

"ጋሼ፣ ይሄን ጎኑን ሊለቁልኝ ይችላሉ? ምግብ የሚባል ነገር አይወርድልኝም፤ ሆዴ ግን በየቀኑ ይገፋል።"

ልብስ ሰፊው ሜትሩን እንደያዘ ቀጥ አለ።

"ምን አልሽኝ?"

"ሳልበላ ሆዴ ይገፋል አልኩ።"

"ተቀመጪ ልጄ፣ መጣሁ!" ብሎ ወደ ውስጥ ሮጠ። ኮሎኔሉን ለካ። ሠላሳ አንድ። እንደገና ለካ። ያው ሠላሳ አንድ፤ ደብተሩ ላይ ከሃያ ስድስቱ አጠገብ ጻፈው። እግሮቹ ቀጥነዋል፤ የጭራው ሥር መንምኗል፤ ወገቡ ግን አምስት ሳንቲሜትር ሰፍቷል።

"እትዬ!" ብሎ ጮኸ። "ኮሎኔሉ አርግዟል መሰለኝ!"

እህትየው ከኮሪደሩ "እንደዚያ የተባለ ኮሎኔል ሰምቼ አላውቅም" አለች። ግን ጫማዋን እያደረገች ነበር።

የእንስሳት ሐኪሟ ገና ወጣት ናት። ልብስ ሰፊው እያፈረ፣ እየተንተባተበ ነገሩን ሲያስረዳት አልሳቀችም። ደብተሩን ተቀብላ ሁለቱን ቁጥሮች አየች፤ ሆዱን ዳሰሰች፤ ራጅ አነሳች። ፎቶውን ብርሃን ላይ ስትሰቅለው ሆዱ ከዳር እስከ ዳር ክብ ክብ ነገር ሞልቶበታል።

"እንቁላል ነው አባባ" አለች ፈገግ ብላ። "ኮሎኔሉ ሴት ናት። ወንድ ባይኖርም እንደ ዶሮ ትጥላለች፤ አይፈለፈልም እንጂ። ያልበላችው እርስዎ አጥፍተው አይደለም። በሆዷ ውስጥ ለምግብ ቦታ የላትም።"

ልብስ ሰፊው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ሳምንታት ያህል ደረቱ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ተነሳለት።

"አሁን ምን ላድርግ?"

"የምትቆፍርበት ይስጧት። ጥልቅ ሳጥን፣ እርጥብ አሸዋና አፈር። ሳትጥል ከሳምንት በላይ ከቆየች ወይም ከደከመች ወዲያው ያምጡልኝ። ጥላ ስትጨርስ ደግሞ ትራባለች፤ ያኔ ቅጠሉንም እንክብሉንም አዘጋጅተው ይጠብቋት።"

የጨርቅ ጥቅሎች የሚመጡበት ትልቅ የእንጨት ሳጥን ነበረ። ልብስ ሰፊው ባዶ አደረገው፤ እህትየው አሸዋውን ለካች፣ ውሃውን መጠነች። ሳጥኑን ሲሸከሙ አንድ ጫፉን የያዘችው እሷ ናት፤ ለካ ሳታስበው ደጃፉን አልፋ ክፍሉ መሃል ቆማለች። ኮሎኔሏ ቀና ብላ አየቻት።

"እንኳን ደህና መጣሽ በይኝ እንጂ፣ ምን ታፈጫለሽ" አለቻት አስተማሪዋ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኮሎኔሏ ጭራዋ ብቻ እስኪቀር አሸዋው ውስጥ ገባች። ወንድምና እህት በሩ አጠገብ ሁለት ወንበር ዘርግተው፣ እንደ ማዋለጃ ክፍል ዘመድ፣ በሹክሹክታ እያወሩ ተቀመጡ። ሰዓታት ካለፉ በኋላ በአሸዋ ተለውሳ፣ ቆዳዋ ተሸብሽቦ፣ ሆዷ ከጀርባዋ ተጣብቆ ወጣች። አስተማሪዋ እጅጌዋን ሰብስባ አሸዋውን ፈተሸች።

"ሠላሳ ሰባት!" አለች። "ሁለቴ ቆጥሬዋለሁ። ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም የማይካፈል ቁጥር። ጎበዝ ልጅ ናት!"

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊው ጎመኑን ከተፈ፤ ዱባውን ፋቀ፤ አንድ ማንኪያ እንክብል ዘፍዝፎ እስኪለሰልስ ጠበቀ። ቀላቅሎ ሳህኑን አስቀመጠና ትንፋሹን ያዘ። ኮሎኔሏ አሸተተች፤ ምላሷን አወጣች። ከዚያ አፏን ከፍታ እንክብሉን ከነጎመኑ ጎረሰች። ደገመች። አገጯ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ፤ ሳህኑን ላሰችው።

"በላች!" ብሎ ዘለለ፤ በስድሳ ሦስት ዓመቱ። እህቱን አቅፎ አሽከረከራት። እሷም "ወገቤን! ወገቤን!" እያለች ከልቧ ትስቅ ነበር።

ልጅቷ ስትመለስ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገሯት፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየነጠቀ። መሃል ላይ አፏን ይዛ ጮኸች፤ ቀጥሎ "ደህና ነው ስትለኝ የነበረው ይሄን ነው?" ብላ አባቷን ተቆጣችው፤ ወዲያው ደግሞ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ማታውን ለባልደረባዋ ደውላ፣ ኮሎኔሉ ሴት መሆኗን አበሰረቻት።

በነጋታው ገና ከእንቅልፏ እንደተነሳች ወጥ ቤት ገባች። አክስቷ ቀድማ ማንኪያዋን ይዛ፣ የተዘፈዘፈውን እንክብል በጣቷ ጫን እያደረገች መለስለሱን ታያለች። ልብስ ሰፊው ጎመን ይከትፋል።

"አክስቴ፣ ዛሬ እኔ ላብላት።"

አስተማሪዋ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

"የዛሬው ተራ የእኔ ነው፣ የነገው የአባትሽ። አንቺ ከነገ ወዲያ ነሽ።"